የቅጠል ነቁጥና ስሙ፤ በከሚሴ አዝርዕት ላይ ስለሚታዩ ፈንገሶች የቀረበ ዳሰሳ

በክረምቱ እኩሌታ፥ ቦርከና ሞልቶ የጨፋ ሜዳ ረግረግ በሚሆንበት ወራት፥ ከከሚሴ ከተማ ወጥቶ በደዋ ጨፋ ወይም በአርጡማ ፉርሲ በኩል ከማሽላ እርሻ ውስጥ የገባ ሰው፥ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ነቁጥ ሳያይ አይመለስም። ነቁጡም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ክብ፥ አንዱ ሞላላ፥ አንዱ በቅጠሉ ጅማቶች መካከል ተጨንቆ በመስመር የረዘመ ሲሆን፥ ቀለሙም ቀይ፥ ሐምራዊ፥ አመድማ ወይም ገለባ የሚመስል ነው። ይህን ያደረገው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን የዕፅዋትን ደዌ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የደከሙበት፥ እስከ ዛሬም ድረስ አንዱን ስም እየሻሩ ሌላውን የሚሾሙበት ጥያቄ ይህ ነው።

ስሙን ማወቅ ለምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ገበሬው የሚሻው የሚበላውን እህል እንጂ የላቲን ስም አይደለምና ጥያቄው የተገባ ነው። ሆኖም ደዌውን የሚገታው መድኃኒት፥ ደዌውን የሚችለው የዘር ዓይነት፥ በሚመጣው ዓመት በማሳው ላይ ሊዘራ የሚገባው ሰብል፥ እነዚህ ሁሉ የሚወሰኑት ነቁጡን ያመጣው ፍጥረት ማን እንደ ሆነ ከተለየ በኋላ ነው። በባክቴርያ ለመጣ ነቁጥ የፈንገስ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያፈስሳል፤ እንዲሁም በማሽላ ላይ የሚያድረው ፈንገስ በበቆሎ ላይ የማያድር ከሆነ ሁለቱን ማፈራረቅ ጥቅም ሲኖረው፥ በሁለቱም የሚያድር ከሆነ ግን ማፈራረቁ ድካም ብቻ ይሆናል።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ፥ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሚያ ዞን ርእሰ ከተማ ናት። ዞኑ ደዋ ጨፋን፥ አርጡማ ፉርሲን፥ ጅሌ ጥሙጋን፥ ደዋ ሐረዋንና ባቲን የሚያጠቃልል ሲሆን፥ በምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ያዘቀዝቃል፥ በምዕራብ ደግሞ ወደ ሸዋና ወደ ወሎ ደጋ በሚያወጣው ገደል ሥር ያርፋል። ማሽላ፥ ጤፍ፥ በቆሎና ማሾ በዝናም ይዘሩበታል፤ በቦርከናና በገባሮቹ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለሙበታል። ከሰዓታት በላይ ያልደረቀ ቅጠልና ሞቃት ሌሊት በአንድነት በተገኙበት ስፍራ ሁሉ ፈንገስ ስለሚበረታ፥ ረግረግና ቆላ ጎን ለጎን ያሉበት ይህ ምድር ለጥናት እጅግ የተመቸ ነው። የአገሩ ሰው ግን አቀንጭራን ይነቅላል፥ ግሪሳን በወንጭፍ ያባርራል፥ አንበጣ በመጣ ጊዜም ቆርቆሮ እየመታ ይከላከላል፤ ድምፅም ሆነ ክንፍ የሌለውን የቅጠል ነቁጥ ግን የዝናም ብዛት ወይም የወራቱ ጠባይ ነው ብሎ ያልፈዋል።

በማሽላ ቅጠል ላይ የሚታየውን ነቁጥ ለመለየት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በነቁጡ ላይ የሚያየው ቀይ ወይም ሐምራዊ ቀለም የፈንገሱ ሳይሆን የተክሉ የራሱ ሥራ መሆኑ ነው። ማሽላ በፈንገስ በተወጋ ጊዜ፥ አፒጀኒኒዲንና ሉቴዎሊኒዲን የሚባሉ ባለ ቀለም ንጥረ ነገሮችን በተወጋው ህዋስ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢት አከማችቶ ወደ ጠላቱ ያስጠጋቸዋል፤ እነዚህም ለፈንገሱ መርዝ ናቸው። ስናይደርና ኒኮልሰን የተባሉት ተመራማሪዎች ይህን በማይክሮስኮፕ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1990 ገልጸውታል (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ያው አንዱ ፈንገስ በአንዱ የማሽላ ዓይነት ላይ ደም የመሰለ ቀይ፥ በሌላው ላይ ጠቆር ያለ ሐምራዊ፥ በሦስተኛው ላይ የገለባ መልክ ያለው ነቁጥ ያወጣል፤ ጅጉርቲና ደጋሊት፥ ነጭና ቀይ ማሽላ በአንድ ማሳ ተደባልቀው በሚዘሩበት በወሎ ቆላ፥ ቀለምን ተመልክቶ ይህ ሌላ ደዌ ነው፥ ያ ደግሞ ሌላ ነው ብሎ መፍረድ የታወቀ ስሕተት ነው።

ቀለም ካልረዳ ቅርጽ ይረዳል፤ ከቅርጽም ይልቅ በነቁጡ ላይ የሚበቅለው ነገር ይረዳል። የማሽላ አንትራክኖዝ የሚባለውን ደዌ የሚያመጣው ኮሌቶትሪኩም ሰብሊኒዮላ፥ ክብ ወይም ሞላላ፥ መካከሉ የነጣ፥ ዙሪያው ሰፊ ባለ ቀለም የሆነ ነቁጥ ያደርጋል፤ በመካከሉም ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ፥ አሥር እጥፍ በሚያጎላ የእጅ መነጽር ሲመረመሩም ነጥቦቹ አጫጭር ጥቁር ጠጉር የቆመባቸው ሆነው ይገኛሉ። ጠጉሩን ያየ ሰው ማይክሮስኮፕ ባይኖረውም እንኳ ከእውነት ብዙ አልራቀም፤ ማይክሮስኮፕ ካለው ደግሞ ፈንገሱ የሚባዛበትን፥ ማጭድ የሚመስለውን ጎባጣ ስፖር አይቶ ነገሩን ይቈርጣል። ሰርኮስፖራ ሶርጊ በአንጻሩ በጅማቶች መካከል ተወስኖ፥ ጠባብና አራት ማዕዘን የሆነ ነቁጥ አውጥቶ በኋላ ስፖሩ ሲበዛ ነቁጡን አመድማ ያደርገዋል። ኤክሴሮሂሉም ቱርሲኩም የሚያመጣው የቅጠል መቃጠል ደግሞ በርዝመቱ ይለያል፤ ከሁለት ተኩል እስከ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፥ መካከሉ የሰፋ፥ ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ ነው።

ከእነዚህ ሌላ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ጠቆር ያለና ነጣ ያለ ቀለበት በየተራ እያከታተለ የሚሰፋ፥ በእርጥብ ቀንም ሮዝ መልክ ያለው የስፖር ጉብታ የሚያወጣ ግሎዮሰርኮስፖራ ሶርጊ አለ። ራሙሊስፖራ ሶርጊም ዙሪያው ቢጫ የሆነ ረጅም ነቁጥ አድርጎ በላዩ ጥላሸት ይነሰንሳል፤ ጥላሸቱም በጣት ሲታሽ ይለቅቃል። አስኮኪታ ሶርጊና ግን በዓይን ሳይሆን በመዳሰስ የሚታወቅ ነው፤ ጥቁር የስፖር ቋቶቹ በቅጠሉ ላይ ጠንክረው ስለሚቆሙ እጅ ሲያልፍበት ይሻክራል። ስፖሩ ቡናማ ብናኝ ሆኖ ከሁለቱም የቅጠል ፊት የሚረግፈው ፑቺንያ ፑርፑርያ ከዋግ ወገን ስለ ሆነ ከነቁጦቹ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ይሁን እንጂ ገና ብናኙ ሳይፈነዳ በታየ ጊዜ ብዙ ሰው ያሳስታል።

እንዲህ ያለውን ዝርዝር ያነበበ ሰው መለየቱ ተፈጸመ ሊል ይችላል፤ ይህም ዓይነት ዝርዝር በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኝ ነው። እኔ ግን በእንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ላይ ያለኝ እምነት ግማሽ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በመጽሐፍ ላይ የሚሣለው ነቁጥ ያለቀለትና ያደገ፥ ከሌላ ደዌ ጋር ያልተዳበለ ነቁጥ ሲሆን፥ በማሳ ላይ ያለው ግን ግማሹ ገና ጥቃቅን ሳለ፥ ግማሹ ሁለትና ሦስት ሆኖ ተቀላቅሎ፥ ሌላውም ፈንገስ የሌለበት ሆኖ ነው። በባክቴርያ የሚመጣ ሰንበርም፥ የነፍሳት ንክሻም፥ የማዳበሪያ ማነስም ነቁጥ ያወጣል።

ሕያው ፍጥረት ሆኖ ሌላውን ሕያው ፍጥረት የሚያሳምመው ይህ ነገር ራሱ ፈንገስ እንደ ሆነ፥ ከደዌው የተነሣ የበቀለ ቆሻሻ ብቻ እንዳልሆነ፥ በአውሮፓ የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1853 ስለ ዋግና ስለ አረማሞ ባሳተመው ጥናት የዕፅዋት ደዌ ምክንያቱ ፈንገስ መሆኑን አሳየ። ሮበርት ኮክና ባልደረቦቹም በ1880ዎቹ ለሰውና ለእንስሳ ደዌ ያወጡት ሥርዓት፥ ይኸውም ተሕዋሱን ከታመመው ለይቶ ማውጣት፥ ለብቻው ማሳደግ፥ ጤነኛውን በእርሱ ማሳመም፥ ዳግመኛም ያንኑ ተሕዋስ አውጥቶ ማሳየት የሚለው፥ በዕፅዋት ዘንድም ሕግ ሆነ። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ይታለፋል፥ በመታለፉም የመጣውን ጣጣ ወደ ኋላ እናየዋለን።

በአገራችን ፈንገሶችን በመዝገብ የማስፈር ሥራ የተጀመረው ባልተወደደ ዘመን ነው። ካስተላኒና ቺፌሪ የተባሉት ጣሊያኖች በ1937፥ በወረራው ወራት፥ የምሥራቅ አፍሪካን ፈንገሶች የሚዘረዝር መጽሐፍ በፊሬንዜ አሳተሙ። የጻፉበትን ምክንያት ብንጸየፍም የጻፉትን ግን ልንንቀው አይገባም፤ በየቅጠሉ ላይ ያገኙትን በስፍራው ስም መዝግበዋልና። ከነጻነት በኋላ ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅና በደብረ ዘይት ያለው የሙከራ ጣቢያው ሥራውን ያዙት፤ ስቲዋርትና ዳኛቸው ይርጉም በ1967 የኢትዮጵያን የዕፅዋት ደዌዎች ማውጫ አሳተሙ። ማውጫው እያንዳንዱን ተክል ጠቅሶ በላዩ የተገኘውን ደዌ የሚያስከትል ሲሆን፥ ከእርሱ በኋላ የመጡ ጥናቶች ሁሉ የሚነሡበት መሠረት ሆኗል።

ዳኛቸው ይርጉ በሚከተለው ዓመት፥ በ1968፥ ከብራድበሪ ጋር ያሳተሙት አንድ አጭር ጽሑፍ ደግሞ ለዚህ ዳሰሳ ምሳሌ የሚሆን ነው። እንሰትን የሚያጠወልገውን ደዌ የሚያመጣው ባክቴርያ መሆኑን አረጋግጠው ዛንቶሞናስ ሙሳሴያሩም ብለው ሰየሙት። ብራድበሪ በእንግሊዝ አገር በኪው ከነበረው የፈንገስ ጥናት ተቋም ነበሩ፤ ስለዚህም የእንሰቱ ሥር በኢትዮጵያ፥ የስሙ ፍርድ ግን በኪው ተሰጠ ማለት ነው። ይህ ዓይነት አሠራር ለብዙ ዘመን የቆየ ልማድ ነበር፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ባሕር ይሻገራል፥ ስሙ ተጽፎ ይመለሳል፥ ቅጠሉ ግን በዚያው ይቀራል። በዚህ ላይ ቅሬታ ያለበት ሰው አይሳሳትም፤ ነገር ግን የተላከው ቅጠል ቢያንስ በዚያ ሳይጠፋ ተጠብቋል፥ በአገር ውስጥ ታይቶ ከተጣለው ቅጠል ይልቅ ዕድለኛ ሆኗል።

አሁን ስለ ስሞቹ ራሳቸው እንናገር፤ ነገሩ የሚከብደው በዚህ በኩል ነውና። የቀድሞ ሊቃውንት ፈንገስን የሚሰይሙት ካደረበት ተክል ተነሥተው ነበር፤ አዲስ ተክል ላይ የተገኘ ሰርኮስፖራ ሁሉ አዲስ ስም ይሰጠው ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ቸፕ በ1954 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ 1,419 የሰርኮስፖራ ዓይነቶችን ተቀበለ። ፔድሮ ክሮውስና ኡቬ ብራውን በ2003 ከሦስት ሺህ በላይ የሆኑትን ስሞች መልሰው መረመሩና የተቀበሉት 659 ብቻ ሆነ፤ የቀሩትን ወደ ሌላ ወገን ሰደዷቸው ወይም ከአንዱ ጋር አዋሐዷቸው። የኮሌቶትሪኩም ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ፎን አርክስ በ1957 ወደ 750 የሚጠጉ ስሞችን በአንድ ብዕር ወደ 11 አወረዳቸው፤ ዘመናዊው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ደግሞ መልሶ ወደ ብዙ መቶ አበዛቸው። ይህን የሚያይ ሰው ሊቃውንቱ የሚሉትን አያውቁም ብሎ ሊስቅ ይችላል፤ እኔ ግን የሚታየኝ ተቃራኒው ነው፥ የተሳሳተው ስም የሚሻረው የጥንቱ ቅጠል ተጠብቆ ሲገኝ ብቻ ነውና።

ከማሽላውና ከበቆሎው የወጡ ሁለት ምሳሌዎች ነገሩን ያቀርቡታል። በማሽላና በበቆሎ ላይ ያለው አንትራክኖዝ ለረጅም ጊዜ ኮሌቶትሪኩም ግራሚኒኮላ በሚል በአንድ ስም ይጠራ ነበር፤ ማጭድ የሚመስለው ስፖር በሁለቱም ዘንድ ይገኛልና። ቫያንኩርና ሃናው በ1992 ከሁለቱ ተክሎች የተገኙትን አነጻጽረው በዘራቸው የተለያዩ ሁለት ወገኖች መሆናቸውን አሳዩ፤ ስለዚህ በማሽላው ላይ ያለው ሰብሊኒዮላ ተብሎ ለብቻው ቆመ፥ የበቆሎው ግራሚኒኮላ ሆኖ ቀረ። የበቆሎ አመድማ ነቁጥም እንዲሁ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የታወቀው ሰርኮስፖራ ዚየ ማይዲስ በአፍሪካም ያው እንደ ሆነ ሲነገር ኖሮ፥ ክሮውስና ባልደረቦቹ በ2006 ባደረጉት ምርመራ ሁለተኛ ወገን ተለይቶ ሰርኮስፖራ ዚና ተባለ። ሁለቱን በዓይን መለየት ይቸግራል፤ በብርጭቆ ሳህን ላይ ሲያድጉ ግን ዚየ ማይዲስ ሰርኮስፖሪን የሚባል ቀይ መርዝ ሲያፈልቅ ዚና አብዛኛውን ጊዜ አያፈልቅም፤ በደቡባዊና በምሥራቃዊ አፍሪካ በበቆሎ ላይ የሚገኘውም ይኸው ዚና ነው። በአሜሪካ የተገኘውን የምርምር ውጤት እንዳለ አምጥቶ በቦርከና ሸለቆ በቆሎ ላይ መጫን የማይገባው ስለዚህ ነው።

በዚህ ክፍል ሳላነሣው የማላልፈው በኢትዮጵያውያን የተሠራ ሥራ አለ። አለማየሁ ጫላ ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2011 ባሳተሙት ጥናት፥ ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡትን የኮሌቶትሪኩም ሰብሊኒዮላ ናሙናዎች በዲ ኤን ኤ አወዳድረው በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት መኖሩን አሳይተዋል። ማሽላ ጥንታዊ መኖሪያው በዚህ አካባቢ ስለ ሆነ በላዩ የሚኖረው ፈንገስም አብሮት ለዘመናት ተለዋውጧል ማለት ነው። ስለዚህም የፈንገሱን የዝርያ ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ባንዱ ስፍራ ደዌውን የቻለ የማሽላ ዘር በሌላ ስፍራ ሊሸነፍ ይችላል። የኤክሴሮሂሉም ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ስሙ አንድ ሲሆን አብዛኛው ከማሽላ የወጣው በበቆሎ ላይ፥ ከበቆሎም የወጣው በማሽላ ላይ አይሠለጥንም፥ ጥቂቱ ግን በሁለቱም ይሠለጥናል።

ከከሚሴ ወደ ምዕራብ ገደሉን የወጣ ሰው የሚደርስበት የሰሜን ሸዋ ደጋ፥ ስም በተሳሳተ ጊዜ ምን እንደሚሆን በገዛ ዓይናችን ያሳየን ስፍራ ነው። ከ2010 ገደማ ጀምሮ በዚያ ደጋ በባቄላ ላይ አዲስ ደዌ ታየ፤ ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ጎድጓዳ ነቁጦች ይወጡና በሌላው ፊት ያበጡ ጉብታዎች ይሆናሉ፥ በኋላም ቡናማ ሆነው ቅጠሉ ይደርቃል። ገበሬው ቆርምድ ብሎ ጠራው። ደዌው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአማራ፥ በትግራይና በኦሮሚያ ደጋዎች ተዛምቶ ባቄላውን ከብዙ ማሳ አጠፋ። ተመራማሪዎችም ኦልፒድዩም ቪሲዬ የተባለው ፈንገስ ነው አሉ፤ ይህ ስም ኩሳኖ የተባለው ጃፓናዊ ሊቅ በ1912 የሰጠው፥ በቻይናም ተመሳሳይ ደዌ የተነገረለት ነውና አመላከቱ ከንቱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በወጡት ጽሑፎች ሁሉ አንዱ ሌላውን እየጠቀሰ ኦልፒድዩም መባሉ ቀጠለ።

ይሁን እንጂ በ2021 ከኢትዮጵያ የተወሰዱት ናሙናዎች በማይክሮስኮፕና በዲ ኤን ኤ በጥንቃቄ ሲመረመሩ፥ በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት ከኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የደዌው እውነተኛ ምክንያት ኦልፒድዩም ሳይሆን ፊዞደርማ የሚባል ሌላ ፈንገስ መሆኑን አስታወቁ። አሥር ዓመት ያህል ስሙ ተሳስቶ ቆየ ማለት ነው። ሁለቱም በውሃ ውስጥ በሚዋኝ ስፖር የሚባዙ ስለ ሆኑ ስሕተቱ የሚያሳፍር አይደለም፤ ነገር ግን ቅርንጫፋቸው የተለያየ ነው፥ በተክሉ ውስጥ የሚያድሩበትም አኳኋን አንድ አይደለም። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነገር ቢኖር ነቀፋ ሳይሆን ይህ ነው፤ ስሙ ሊታረም የቻለው ቅጠሉ ተሰብስቦ፥ ተጠብቆ፥ ዳግመኛ የሚመረምረው እጅ ስላገኘ ነው። ላልተጠበቀ ቅጠል ግን ትክክልም ይሁን ስሕተት የተሰጠው ስም ለዘላለም እንዳለ ይቀራል።

ወደ ሥራው አፈጻጸም ስንመጣ፥ ከማሳ እስከ ስም ያለው መንገድ የሚጀምረው በአለቃቀም ነው። የሚለቀመው ቅጠል የነቁጡ መካከልና የጤነኛው ክፍል ጠርዝ በአንድነት ያለበት መሆን ይገባዋል፤ ሕያው ፈንገስ የሚገኘው በጠርዙ ላይ ሲሆን በደረቀው መካከል የሚገኘው ዘግይቶ የመጣ ፍርፋሪ ለቃሚ ነውና። ቅጠሉ በጋዜጣ ወይም በወረቀት መካከል ተጭኖ መድረቅ አለበት፤ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ከከሚሴ እስከ ሩቅ ላቦራቶሪ የተጓዘ ቅጠል ሲደርስ በሻጋታ ተሸፍኖ ስለሚገኝ የሚነግረው ነገር አይኖርም። በወረቀቱም ላይ የተክሉ ዓይነት፥ ቀኑ፥ ቀበሌው፥ የቦታው ከፍታና የለቃሚው ስም ይጻፍበታል። ይህ እጅግ ተራ ነገር ነው፤ ነገር ግን ቀን የሌለበት ቅጠል ምስክር ያልቆመለት ክስ ነው።

በላቦራቶሪ ደግሞ ቅጠሉ በእርጥብ ወረቀት ላይ ለአንድ ሌሊት ወይም ለሁለት ይቀመጥና ስፖሩ እስኪወጣ ይጠበቃል። ስፖሩ በመርፌ ተወስዶ በውሃ ጠብታ ላይ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ለዝርያው ወገን በቂ የሆነው ይህ ነው። ፈንገሱን ለብቻው ማሳደግ የሚሻ ሰው ከጠርዙ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በበረኪና ውሃ ላዩን አጥቦ፥ ከድንች መረቅ፥ ከስኳርና ከአጋር በተሠራ ሳህን ላይ ያኖረዋል። ሰርኮስፖራና መሰሎቹ ቀስ ብለው ስለሚያድጉ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በቅጠል ላይ ያለ ጉዳት የሚኖሩት አልተርናርያ አልተርናታና ክላዶስፖርዩም በሁለትና በሦስት ቀን ሳህኑን ይሞሉታል፥ ተመራማሪውም አስቀድሞ የወጣውን ወንጀለኛ ነው ብሎ ይጽፋል። በቸኮሉ ጽሑፎች ውስጥ አልተርናርያ በየሰብሉ ላይ የደዌ ምክንያት ሆኖ የሚነገርበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ኮክ ያዘዘው የመጨረሻው እርምጃ፥ ጤነኛውን ተክል በተለየው ፈንገስ አሳምሞ ያንኑ ነቁጥ ማየት፥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

የዲ ኤን ኤ ምርመራ ዛሬ የመጨረሻ ፈራጅ ተደርጎ ይቆጠራል። አይ ቲ ኤስ የሚባለው የዲ ኤን ኤ ክፍል በ2012 ለፈንገሶች ሁሉ የጋራ መለያ እንዲሆን ሊቃውንቱ መረጡት፤ በ2011 ደግሞ አንድ ፈንገስ በሁለት ዓይነት የመራባት ጠባይ ሁለት ስም ይይዝ የነበረው ልማድ ተሽሮ አንድ ስም ብቻ እንዲኖረው በሜልቦርን ተወሰነ። ነገር ግን አይ ቲ ኤስ በሰርኮስፖራና በኮሌቶትሪኩም ዘንድ ደካማ ነው፤ ግሩንቫልድና ባልደረቦቹ በ2013 ስለ ሰርኮስፖራ ባደረጉት ትልቅ ጥናት አምስት የተለያዩ የዲ ኤን ኤ ክፍሎችን በአንድነት ለማንበብ ተገድደዋል። ከዚህም በላይ ዲ ኤን ኤው የሚመሳከረው በመዝገብ ካለው ጋር ስለ ሆነ፥ መዝገቡ የተሳሳተ ስም ከያዘ መልሱም የተሳሳተ ይሆናል።

በቦርከና ዳር በመስኖ በሚለማው ሽንኩርት ላይ የሚታየው ነገር፥ የመለየት ጉድለት በገንዘብ የሚከፈልበት ነው። በሽንኩርት ቅጠል ላይ የሚወጣውን ሐምራዊ ነቁጥ የሚያመጣው አልተርናርያ ፖሪ ሲሆን፥ ስቴምፊልዩም ቬሲካርዩም የሚባለውም ይመስለዋል፥ ብዙ ጊዜም አብረው ይገኛሉ። ገበሬው ግን ከየሱቁ የሚገዛው ሪዶሚል ነው። በሪዶሚል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል የሚገታው የድንችና የቲማቲም ዋነኛ ጠላት የሆነውን ፊቶፍቶራንና መሰሎቹን ነው፤ እነዚህም ዛሬ ከፈንገስ ወገን ሳይሆኑ ለብቻቸው የሚቆጠሩ ናቸው። በአልተርናርያ ላይ ሜታላክሲል ምንም አይሠራም፤ ከእርሱ ጋር ተቀላቅሎ ያለው ማንኮዜብ ግን ይሠራል። ስለዚህ ሪዶሚል የረጨ ሰው ሽንኩርቱ ሲሻለው ያያል፥ ያሻለው ግን በርካሽ ለብቻው ሊገዛው ይችል የነበረው ግማሹ ነው። ሱቁም አይከለክለውም፤ የሚከለክለው ነቁጡን በመነጽር ያየ የልማት ሠራተኛ ቢሆን ነበር።

በእኔ አስተያየት የሚጎድለን የላይኛው ደረጃ አይደለም። የዲ ኤን ኤ ምርመራ የሚያደርጉ ኢትዮጵያውያን ምሁራን አሉ፤ በ1966 የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ተቋም የወለዳቸው ማዕከሎችም በየአገሩ አሉ፤ ለአካባቢያችን ቅርብ የሆነው የሲሪንቃ ማዕከልም በጨፋ የሙከራ ቦታ አለው። የሚጎድለው መካከለኛው ነው፤ በየወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት አንድ የእጅ መነጽር፥ አንድ የወረቀት መጫኛ፥ ቀን የተጻፈበት ቅጠል የሚጠበቅበት አንድ ደረቅ ሣጥን። ለስብሰባና ለማስታወቂያ ከሚወጣው ይልቅ ይህ እጅግ ያነሰ ገንዘብ ይፈልጋል፤ በየዓመቱ የሚለቀመውም ቅጠል ዛሬ ባይለይ እንኳ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ሊለየው ይችላል።

ለምሳሌ ማሾን እንውሰድ። በጅሌ ጥሙጋና በደዋ ጨፋ ገበያ ያለው ይህ ሰብል ከሌሎቹ ይልቅ በቅርብ ዘመን ስለ ተስፋፋ ደዌዎቹ ገና ብዙ አልተጻፈባቸውም። በማሾ ቅጠል ላይ ክብ፥ መካከሉ አመድማ፥ ጠርዙ ቀላ ያለ ነቁጥ ሲታይ በዓለም ዙሪያ የሚጠረጠሩት ሁለት ፈንገሶች ናቸው፤ አንዱ ኤሊስና ማርቲን በ1882 የሰየሙት ሰርኮስፖራ ካነሴንስ፥ ሁለተኛው ፕስዩዶሰርኮስፖራ ክሩዌንታ። የመጀመሪያው ስፖሩ ቀለም የሌለው፥ ረጅምና እንደ መርፌ የቀጠነ ሲሆን፥ ከተሸካሚው ክር የተለየበት ስፍራ ወፍሮና ጠቁሮ ይታያል፤ የሁለተኛው ስፖር ቀለም ያለው ነው፥ የተለየበትም ስፍራ አይወፍርም። ይህን ለመለየት ዲ ኤን ኤ አያስፈልግም፤ አንድ ቅጠል፥ አንድ የመስተዋት ስላይድና አራት መቶ እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ይበቃሉ፥ እንዲህ ያለ ማይክሮስኮፕም ደሴ ባለው በወሎ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ላቦራቶሪ የሚገኝ ተራ ዕቃ ነው፤ ከሚሴም ከዚያ የምትርቀው በአውቶቡስ የጥቂት ሰዓት ጉዞ ብቻ ነው።